አስራ ሁለት ብሎ የመለሰው

ሽቦ በላውንደሪው በር ለሦስተኛ ጊዜ ሊያልፍ ሲል እግሩ አልታዘዝ አለው። ሁለቱን ጊዜ ዓይኑን ከአስፋልቱ ሳያነሳ፣ ሥራ ያስቸኮለው መንገደኛ መስሎ ነበር ያለፈው። አሁን ግን መስታወቱ ፊት ተገትሮ ቀረ። ከመስታወቱ ወዲያ፣ በእንፋሎት መሀል፣ አጠር ደልደል ያሉ ሴት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው ይተኩሳሉ። የያዙት የወታደር ሸሚዝ ነው። ኮሌታውን ይተኩሱና ገልበጥ አድርገው ያዩታል፤ እንደገና ይተኩሱታል። ሸሚዙ ተተኩሶ ካለቀ ቆይቷል፤ አንዲት መጨማደድ አይታይበትም። እሳቸው ግን ካውያውን የሚያነሱለት አይመስሉም።

ቀና ሲሉ አዩት። ካውያውን አቁመው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወደ በሩ መጡ።

«ሦስተኛህ ነው» አሉት በሩን በክርናቸው ገፋ አድርገው። «የሚታጠብ ካለህ ግባ፤ ከሌለህም ግባ። በር ላይ ቆመህ ብርዱን አታስገባብኝ።»

«ብርድ» የምትለው ቃል ካፋቸው ከወጣች በኋላ ነው ምን እንዳሉ የገባቸው። ዓይናቸው ከሁለቱ ነጭ በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወደ ቀጭኑ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ፊቱ ወጣ።

«ሽቦ ነህ» አሉ። እየጠየቁት አልነበረም።

«አዎ እማማ።»

«እሱ ሲያወራልኝ ያጋነነ ይመስለኝ ነበር። እውነትም ሽቦ!» አሉና አንገቱን ጎትተው፣ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ፣ እንደገናም ከቀኝ ሳሙት።

ሽቦ ለዚህ ቀን ያልተዘጋጀበት ነገር አልነበረም። ሆስፒታል አልጋው ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አጥንቶታል። ቢሰድቡት ዝም ሊል፣ በጥፊ ቢሉት ባለበት ሊቆም፣ ቢያባርሩት ደጃፋቸው ላይ ሊቀመጥ ቆርጦ ነበር የመጣው። ይሳሙኛል ብሎ ግን አላሰበም። በአውቶቡሱ ውስጥ እየደጋገመ የሸመደዳት አራት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ጉንጩ ላይ ያረፈው የእናትየው ከንፈር ከነአራት ነጥቧ ጠርጎ ወሰዳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ሁለት ቀን በፊት አንድ የምልምል ወታደሮች ሻምበል ለተራራ ልምምድ ወጥቶ ነበር። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ጉም ወረደ፤ ከጉሙ ኋላ የበረዶ ውሽንፍር መጣ፤ ከዚያ በኋላ ሰው የገዛ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን ማየት አቃተው። በዚያ ቀን ተራራው ሰባት ልጆች አስቀረ። ስድስቱ የአንድ ጓድ ናቸው፤ የበረዶ ናዳ ባንድ ጊዜ ይዟቸው ወረደ። ለእነሱ አገር አለቀሰ እንጂ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሰባተኛው ግን ከሌላ ጓድ ነው። ናዳ አልነካውም። በማግስቱ መንገድ ዳር፣ ቋጥኝ ተደግፎ፣ ቁጭ እንዳለ ነው የተገኘው። አብረውት የነበሩት አስራ አንዱም በሕይወት ወርደዋል። ስለዚህ ጥያቄ መጣ፤ አስራ ሁለት ሰው ይዞ የወጣ ሃምሳ አለቃ እንዴት አስራ አንድ ይዞ ይወርዳል? አልቆጠረም ወይ?

ሃምሳ አለቃው ለጠየቀው ሁሉ አንድ መልስ ነበር የሰጠው። «ቆጠራው የኔ ነው፣ ስህተቱም የኔ ነው።» ከዚያ በላይ ትንፍሽ አላለም። ሽቦን ሆስፒታል ሊጠይቀው የመጣ ዕለት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ልጦ አጎረሰው፤ ስለ ምግቡ ጠየቀው፣ ስለ ነርሶቹ ቀለደ። ሊሄድ ሲነሳ ግን ጎንበስ ብሎ «አንተ ገና ሃያ ሁለትህ ነው። የኔ ጡረታ ደርሷል። ዝም በል» አለውና ወጣ። ሽቦ ሃምሳ አለቃው ሁሉን ማወቁን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ያቺ ብርቱካን እስከ ዛሬ ከጉሮሮው አልወረደችም።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጣሪ ኮሚቴው ይሰበሰባል። የሟቾቹ ቤተሰቦች ስለ ሰባተኛው ልጅ አቤቱታ ያቀርባሉ፤ አቤቱታው ከተነበበ ሃምሳ አለቃው ከዚያ ቤት የሚወጣው ወደ እስር ቤት ነው። ከዚያ በፊት ሽቦ እውነቱን መናገር አለበት። ለኮሚቴው መናገሩ አላስፈራውም፤ ኮሚቴ እናት አይደለም። ነገር ግን የጓደኛው እናት ይህን ነገር በሰው መሀል፣ ከጸሐፊ አፍ እንዲሰሙት አልፈለገም። ቢያንስ ይህን ያህል ለእንቅልፎ ሊያደርግለት ይገባል።

እንቅልፎ ያ ሰባተኛው ልጅ ነው። ስሙን ያወጣለት የጦር ሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ጥሩምባ ቢነፋ፣ አልጋው ከነፍራሹ ቢገለበጥ የማይነቃ ፍጡር። ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ እሱ ገና የሱሪውን እግር ይፈልጋል። ሽቦም የራሱን «አቤት!» ካለ በኋላ ድምፁን ጎርነን አድርጎ የእንቅልፎን «አቤት!» ይጨምራል። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር፤ ቆይቶ መደበኛ ሥራው ሆነ። ከማስመሰሉ ብዛት፣ እንቅልፎ ራሱ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ሆኖ ሰምቶ «ደርሻለሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ እየተባለ ይሳቅ ነበር። ሃምሳ አለቃውም ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ ፈገግታውን እየዋጠ ቀጣዩን ስም ይጠራል። በየጦር ሰፈሩ ያለ ነገር ነው፤ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

እናትየው ወንበር ስበው ከእንፋሎት ማሽኑ አጠገብ አስቀመጡት፤ ወዲያው ደግሞ አስነሱት።

«ቆይ፣ የቆሰለ እጅ ሙቀት ዳር አይደረግም። ወዲህ ና።»

ከቴርሞስ ሻይ ቀዱለት። ብርጭቆውን በሁለት የፋሻ ድቡልቡል ሊይዝ ሲታገል ጥቂት አዩት፤ ከዚያ ምንም ሳይሉ ቀምተው ራሳቸው ያጠጡት ጀመር። እያጠጡት፣ ሲፋጅ እፍ እያሉለት፣ ስለ ልጃቸው ያወራሉ። ሽቦ ይውጣል። ሻዩ ጣፋጭ ነበር። ሃምሳ አለቃው አጎረሰኝ፣ እኚህ ደግሞ አጠጡኝ፤ እኔ የማን ጻድቅ ነኝ? አለ በልቡ። ለቅሶው እስከ ዓይኑ ጫፍ መጥቶ ተመለሰ።

ክፍሉን ሸሽቶ ያይ ጀመር። ከጣሪያው በታች ባለው ረጅም ብረት ላይ የሰው ልብስ ሁሉ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል፤ ኮት፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የአስተናጋጆች ነጭ ጃኬት። በእያንዳንዱ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ወረቀት አለች። ጥጉ ላይ ለብቻው የታጠፈ ልብስ ተደርድሯል፤ ካኪ ሱሪ፣ ካልሲ፣ ካናቴራ። ጦሩ የመለሰው የእንቅልፎ ልብስ ነው። ሁሉም ተተኩሷል፤ ካልሲው ጭምር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ እናትየው ብርጭቆውን አስቀምጠው። «እውነቱን ንገረኝ፤ እንዳታባብለኝ።»

«እሺ እማማ።»

«አስራ አንድ ነበራችሁ አይደል? አስራ አንድ ሰው!» ጣታቸውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት እያሉ አስኬዱት። «አንዱ እንኳ ዞር ብሎ ‹ያ ልጅ የት ገባ?› አላለም? እኔን የገደለኝ መሞቱ ብቻ አይደለም። ሞት ለሁሉም ነው ብዬ እንደምንም እውጠው ነበር። ግን ልጄ ያን ያህል... ጎድሎ እንኳ የማይታወቅ ሰው ነበር እንዴ?»

ሽቦ አፉን ከፈተ። የመጀመሪያዋ ቃል ምላሱ ላይ ነበረች፤ ‹እማማ› የምትለዋ። ቀጣይዋን ሲፈልግ የላውንደሪው በር ተከፈተና የእንቅልፎ ታላቅ እህት ገባች።

መምህርት ናት፤ ከክፍል በቀጥታ ስለመጣች እጅጌዋ ላይ ጠመኔ አለ። ብብቷ ሥር ክላሴር ይዛለች። ሽቦን ስታይ ቆመች፤ እጆቹን አየች፤ ምንም ሳትጠይቅ ማንነቱን አወቀች። ትከሻውን ጨብጣ ሰላም አለችው።

«እግዜር ነው ያመጣህ» አለች ክላሴሩን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች። «እማዬ፣ የሌሎቹም ቤተሰቦች አብረውን ፈርመዋል። ያንቺ ብቻ ነው የቀረው። ላንብብልሽ?»

ሳይፈቀድላት አነበበች። ጥርት ባለ የመምህር ድምፅ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ሲመጣ ትንሽ ታርፋለች። «...የጓዱ መሪ የቆጠራ ደንቡን በመጣስ፣ ሟችን ሳይቆጥር ጥሎ በመሄዱ፣ በሕግ ተጠይቆ ተገቢውን ቅጣት እንዲያገኝ...»

«ይቀጣ» አሉ እናትየው። «ያ ሰውዬ ያሳየኝን ያሳየው። ብዕሩን አምጪ።»

«ቆይ፣ አንተም ምስክር ሆነህ ትፈርማለህ» አለች እህትየው ወደ ሽቦ ዞራ። «አብረኸው ነበርክ፤ ካንተ የበለጠ ማን ይታመናል? ብዕር ባትይዝም ችግር የለም፣ አሻራ ይበቃል።» ከቦርሳዋ ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን የማኅተም ቀለም አውጥታ ክዳኑን ከፈተች።

ሽቦ ቀኝ እጁን አየ። ሦስቱ ጣቶቹ እስከ አንጓቸው የሉም፤ ሌባ ጣቱ ፋሻ ውስጥ ናት። አውራ ጣቱ ብቻ፣ ለዚህ ሥራ የተረፈች ይመስል፣ ከፋሻው ብቅ ብላለች። እህትየው እጁን በቀስታ ይዛ ወደ ቀለሙ ወሰደችው። ጠንቃቃ ነበረች፤ እንዳታሳምመው ትንፋሿን ይዛለች።

«ቆጥሯል» አለ ሽቦ።

«ምን?»

«ሃምሳ አለቃው ቆጥሯል። በየመቶ እርምጃው ይቆጥር ነበር።» እጁን ሳበ። «አስራ ሁለት ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።»

አራቷ ዓረፍተ ነገር አልተመለሰችለትም። እንደመጣለት ነው የተናገረው፤ የኋላውን ከፊት፣ የፊቱን ከኋላ። ቢደረደር ግን እንዲህ ነበር። በውሽንፍሩ ውስጥ በአንድ ሰልፍ ይወርዱ ነበር፤ ሽቦ አስራ አንደኛ፣ እንቅልፎ አስራ ሁለተኛ፣ የሰልፉ መጨረሻ። ጅራት ሆኖ የሚዘጋው አስር አለቃ ከሌላ ጓድ የታመመ ልጅ ይዞ ቀድሞ ወርዷል። ሰው ለሰው ስለማይተያይ እያንዳንዱ ቁጥሩን እየጮኸ ይመልሳል። ደንቡ፣ አንድ ቁጥር ከጎደለ ሰልፉ ሁሉ ይቆማል። አንድ ጊዜ ቆሙ። እንቅልፎ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። እሱ እስኪደርስ አስራ አንድ ሰው ባለበት ተገትሮ ተንቀጠቀጠ፤ አንዱ ወደቀ፣ ሌላው አለቀሰ፣ ሦስተኛው «ባንተ ምክንያት ልናልቅ ነው!» ብሎ ጮኸበት። እንቅልፎ አቀርቅሮ ቦታው ላይ ቆመ። ሽቦ ግን አፍንጫ ለአፍንጫ ተጠግቶት ስለነበር ፊቱን አይቷል። በዚያ ብርድ ውስጥ፣ ከማፈር ብዛት ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«ከዚያ በኋላ ትንሽ እንደሄድን ጃኬቴን ጎተተኝ። አረፍ ብዬ ልምጣ፣ ሰልፉን እንዳታስቆምብኝ አለኝ። ለመነኝ። እኔም እለት እለት የማደርገው ነገር ነው... የሚመጣ መስሎኝ ነበር። እናቴ ትሙት፣ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።» የሚምልበት ነገር ጠፍቶት የገዛ እናቱን ጠራ። «በድምፁ መለስኩ። ሦስት ጊዜ ተቆጠርን፣ ሦስት ጊዜ መለስኩለት። ሦስተኛው ላይ ዞሬ ስጠራው ዝም አለ። ጮህኩ። ሃምሳ አለቃው ሌሎቹን መጠለያ አስገብቶ ተመለሰ፣ አብረን ፈለግን። ዱካው ጠፍቷል።»

«ጣቶችህስ?» አለች እህትየው። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«በረዶውን ስቆፍር ጓንቴ ጠፋ።»

ማሽኑ ብቻ በጥጉ ሆኖ እሽ ይላል።

«ውጣ» አለች እህትየው። ከዚያ ጮኸች፤ «ውጣልኝ! ሻያችንን እየጠጣህ! ከእናቴ እጅ ሻይ እየጠጣህ!»

ሽቦ ተነሳ። ትክክል ናት፤ ሲመጣ የጠበቀው ይህንኑ ነው፤ እንዲያውም ከመሳሙ ይልቅ ይኼ ይቀልለዋል። በሩ ጋ ሲደርስ የእናትየው ድምፅ ከኋላው ያዘው።

«ማንም አይወጣም» አሉ። ሲናገሩ ማንንም አላዩም። ሽርጣቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉ፤ ከዚያ ወደተሰቀሉት ልብሶች ሄደው፣ ከኮቶቹና ከሙሽራው ቀሚስ ኋላ ገብተው ቆሙ። ከታች እግራቸው ብቻ ይታያል፤ ነጠላ ጫማና ያበጠ ቁርጭምጭሚት። ለቅሶ አልተሰማም። ላስቲኮቹ ብቻ አልፎ አልፎ ይንኮሻኮሻሉ።

እህትየውና ሽቦ ፊትና ኋላ ቆመው፣ ሳይተያዩ፣ እነዚያን እግሮች ይጠብቁ ጀመር።

በዚህ መሀል አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ኮቱን ሊወስድ ገባ። «ደህና ዋላችሁ፣ ደርሷል?» አለ በደስታ። እህትየው ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ጉንጯን በጠመኔ ለቅልቃ፣ ወረቀቱን ተቀበለችው። ኮቱ እናትየው የቆሙበት አጠገብ ነው። ሄዳ ስታወርደው ከልብሶቹ መሀል አንዲት እጅ ወጥታ መስቀያውን አቀበለቻት። ሰውዬው አላየም። አመስግኖ፣ እያፏጨ ሄደ።

እናትየው ሲወጡ ፊታቸው ደርቆ ነበር፤ ዓይናቸው ብቻ ቀልቷል። ሽቦ ፊት መጥተው ቆሙ። አጭር ስለሆኑ ቀና ብለው ነው የሚያዩት።

«ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ ፈልጌ ነበር የቆየሁት» አሉ። «አፌ አልደረሰልኝም። ብልህ ውሸቴን ነው። ምናልባት ነገ፤ ምናልባትም ሌላ ጊዜ። አላውቅም።»

«አይበሉኝ እማማ።»

«ዝም በል፣ አልጨረስኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄን ዞሮ ያየው ሰው የለም እያልኩ ነው የነደድኩት። ለካ ሰው ነበረው። የማይረባ ሰው ነበረው፤ እንደሱ የማይረባ። ግን ነበረው።» አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ፣ ያን ወረቀት ቅደጂና ሌላ ጻፊ። እሱ ይናገር፣ አንቺ ጻፊ።»

«እኔ? እኔ ነኝ የዚህን ቃል የምጽፈው?»

«የሱ እጅ እንዴት እንደሆነ እያየሽው ነው። የኔ ጽሑፍ ደግሞ አይነበብም። ያ ሰውዬ ባልሠራው ሊታሰር ነው፤ እኔ በረገምኩት እርግማን ላይ እንዳይጨመርብኝ። ጻፊ።»

እህትየው የቀድሞውን ወረቀት ቀደደች። ከዚያ ወንበሩን በኃይል ጎትታ ተቀመጠች፤ አዲስ ወረቀት አወጣች፤ ቀን ጻፈች። ብዕሩን የያዘችው ልትሰብረው የመጣች ያህል አጥብቃ ነው። ሽቦ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ሲዘበራረቅ «ቀጥሎ?» ትለዋለች፤ ሲቸኩል «ቆይ» ትለዋለች። አንድ ሁለቴ ቃሉን አርማለታለች፤ ተናዳም ቢሆን የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ማሳለፍ አትችልም።

«‹ስለዚህ የገደልኩት እኔ ነኝ› ብለሽ ጻፊ» አላት።

ብዕሩ ቆመ።

«ይኼን አልጽፍም።»

«እውነቱ ነው።»

«ያደረግኸውን ንገረኝ፣ ያደረግኸውን እጽፋለሁ። ማን ገደለ የሚለውን እዚያ የተቀመጡት ይጻፉ። ተራራውንም ይጠይቁት፤ ጉም እየወረደ ልጆች ያወጡትንም ይጠይቁ።» ቀና አላለችም። ትንሽ ቆይታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው። «ጃኬትህን ሲጎትትህ፣ ቃል በቃል ምንድነው ያለህ? ለመነኝ ብቻ አይበቃም። የሱን ቃል።»

ሽቦ ዓይኑን ጨፈነ። ያችን ቃል ለማንም አልተናገራትም፤ ለሃምሳ አለቃውም። የግሉ ሆና የቀረች እሷ ብቻ ናት።

«‹ሽቦ፣ ዛሬ ብቻ መልስልኝ› አለኝ። ‹ሁለተኛ አላስቸግርህም። ዛሬ ብቻ።›»

ከኋላው አንድ ድምፅ ሰማ። መጀመሪያ እናትየው ያነቃቸው መሰለው። ዞር ሲል ግን አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይስቃሉ።

«ዛሬ ብቻ!» አሉ። «አይ ልጄ! ዛሬ ብቻ!» ጠረጴዛውን ተደገፉ። «አስር ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ብርድ ልብሱን ስገፍፈው ‹እማዬ፣ ዛሬ ብቻ አሞታል ብለሽ ላኪልኝ፣ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።› እኔ ሞኟ ደግሞ እልክለት ነበር! ከትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ እንደሱ የታመመ የለም! ጨጓራ፣ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ... ጆሮ ደግፉ ብቻ አራት ጊዜ ወጥቶበታል!»

«የቤት ሥራውንስ?» አለች እህትየው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። «‹እህቴ፣ ዛሬ ብቻ ሥሪልኝ።› ስድስተኛ ክፍልን በሙሉ የተማርኩለት እኔ ነኝ።»

ሽቦም ሳቀ። ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ነበር፤ ደረቱን አመመው። ሦስቱም በዚያ ሙቅ ክፍል ውስጥ፣ ላብና እንባቸው ተደባልቆ፣ ያን እንቅልፋም ልጅ ሳቁበት። ለትንሽ ጊዜ አጠገባቸው ያለ መሰላቸው፤ ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ አለመኖሩ እንደ አዲስ ታወቃቸው፤ እናትየው ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

እህትየው አፍንጫዋን ጠራርጋ ብዕሯን አነሳች። ‹ዛሬ ብቻ› የሚለውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ በሚያምር የክፍል ጽሕፈቷ ጻፈችው። ከዚያ የሽቦን አውራ ጣት ይዛ ቀለሙ ላይ፣ ቀጥሎም ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ወዲያው አልለቀቀችውም።

የኮሚቴው ቢሮ ከላውንደሪው ሩቅ አይደለም፤ በእግራቸው ሄዱ። እናትየው መሀል ሆነው የሁለቱንም ክርን ይዘዋል። ደረጃውን ሲወጡ ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ኮሪደር አለ፤ በአንዱ በኩል ቢሮዎች፣ በሌላው በኩል ግድግዳ ተደግፎ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበር። ከአግዳሚው ጫፍ ሃምሳ አለቃው ለብቻው ተቀምጧል። የደንብ ልብሱን ለብሷል፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ሌሎቹ ቤተሰቦች ከሱ ርቀው፣ ከመስኮቱ ሥር ተሰብስበው ቆመዋል። እሱ ባለበት አግዳሚ ላይ ማንም መቀመጥ አልፈለገም።

ሃምሳ አለቃው መጀመሪያ ሽቦን አየ። ቀጥሎ በእህትየው እጅ ያለውን ወረቀት አየ። የሆነው ሁሉ ገባው። ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ አይሆንም ለማለት። ሽቦ ዓይኑን ወደ መሬት አልሰበረም።

እናትየው የልጆቹን ክርን ለቀቁ። ኮሪደሩን ብቻቸውን ተሻግረው ሃምሳ አለቃው ፊት ቆሙ። ሰውዬው ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ ኮፍያው ወደቀ። በመስኮቱ ሥር ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ።

«ይኼ ቦታ ሰው አለው?» አሉት አግዳሚውን እያሳዩ።

«የለውም፣ እናቴ።»

ተቀመጡ። እሱ እንደቆመ ነው።

«እርስዎም ይቀመጡ እንጂ። ቀና ብዬ ማውራት አልችልም፤ አንገቴን ያመኛል።»

ተቀመጠ። በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ነበር። እናትየው ኮፍያውን ከወለሉ አንስተው አቧራውን በመዳፋቸው አራገፉና በዚያ ቦታ ላይ አስቀመጡት።

«እስከ ስንት ሰዓት ፈለጋችሁት?» አሉት።

ሃምሳ አለቃው ወደሳቸው ዞረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺን አንድ መልስ ብቻ ሲደጋግም የኖረ ሰው ነው፤ ይቺ ጥያቄ ግን ሌላ ነበረች፣ እስከ ዛሬ የጠየቀውም የለም። «መጀመሪያ...» አለና ቆመ። «መጀመሪያ በቀኝ በኩል ነው የሄድኩት። ነፋሱ ከግራ ስለነበር፣ ልጅ ደግሞ ነፋስ ሲመታው ወደዚያ ያዘነብላል ብዬ...»

ይነግራቸው ጀመር። እናትየው ወደሱ ዘንበል ብለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ካፉ ሳይነቅሉ ያዳምጣሉ። ሽቦና እህትየው ቀርበው ግድግዳውን ተደገፉ።

የቢሮው በር ተከፈተና መነጽር ያደረገ ጸሐፊ ብቅ አለ። «ኮሚቴው ተሰይሟል» አለ። «መግባት ትችላላችሁ።»

እናትየው ዞር አላሉም። መዳፋቸውን ብቻ ወደ ጸሐፊው አነሱ።

«አንዴ ይታገሱን፣ ወንድሜ» አሉ። «ስለ ልጄ እየነገረኝ ነው።»

ጸሐፊው በሩን እንደያዘ ቆመ።